በእትዬ ሮማነወርቅ በር ያላለፈው ጡሩምባ

ባሌ ፈዬራ ሲያስነጥስ ዶሮ ይበረግጋል። ማጋነን አይደለም፤ የራሴ ዶሮ እንቁላሏን ትታ ስትፈረጥጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ሰው አንዴ ሁለቴ ብሎ አያቆም! ከጀመረ እስኪደክመው ነው። የአገሩ ደንብ ነውና ሰው ሁሉ «ይማርህ» ይለዋል፤ እሱም «ያኑርሽ» ሊል አፉን ሲከፍት ሌላው ይመጣበታል። እኔ ከሦስተኛው በኋላ ትቼዋለሁ፣ ሥራ አለብኝ። ሳይሰለቻቸው እስከ መጨረሻው «ይማርህ፣ ይማርህ» ይሉት የነበሩት እትዬ ሮማነወርቅ ብቻ ናቸው። ቤታቸው ከኛ ወረድ ብሎ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ሥር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በበራቸው ያልፍ ነበርና ይሰሙታል። የምነግራችሁም የእሱንና የእሳቸውን ነገር ነው።

ፈዬራ እዚሁ አምቦ፣ የመንግሥት እህል መጋዘን ውስጥ ኩንታል ተሸካሚ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከደንዲም ከጌዶም እህል በመኪና ይገባል። ከእህሉ ጋር የስንት አውድማ ብናኝ አብሮ ይገባል። ሌሎቹ ተሸካሚዎች አፋቸውን በጨርቅ አስረው ሥራቸውን ይሠራሉ። የኔው ግን አፍንጫው ይበላዋል፣ ላንቃው ይበላዋል፣ ከአፍንጫው ውሃ ይወርዳል፤ ዓይኑ በርበሬ የገባበት ይመስል ይቀላና እንባው በጉንጩ ይፈስሳል። የማያውቁት ገበሬዎች «ምን ሆኖ ነው ይኼ ሰውዬ የሚያለቅሰው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። «የምትሸጡበት ዋጋ አሳዝኖኝ ነው» ይላቸዋል። ያኔ ቀልደኛ ነበር።

ሌላው ሥራው የሰፈራችን ዕድር ጡሩምባ ነፊነት ነው። ሰው ሲሞት ያቺን ረጅም ጡሩምባ ይዞ ከላይ ሰፈር እስከ ወንዙ እየነፋ ይወርዳል፤ በየመንታ መንገዱ ቆሞ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጣራል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። እሱ ካልነፋ ድንኳን አይወጣም፣ ጎረምሶች መቃብር ሊቆፍሩ አይሄዱም፣ ሰው ነጠላውን አይዘቀዝቅም። ሽማግሌዎች ሲመርቁን «ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚሉን እኮ ወደው አይደለም። ፈዬራ ደግሞ ድምፁ! ለራሴ ባል ብዬ አይደለም እንጂ፣ ሲጣራ የማያውቁት ሰው ሞት እንኳ ሆድ ያስብሳል። በዚህ ሥራው ይኮራ ነበር። ጡሩምባዋን እኔ እንድወለውላት እንኳ አይፈቅድልኝም።

ጥር ሰባ ስምንት ላይ አፍንጫው ከወትሮው ባሰበት። መድኃኒት ቤት ሄዶ ሲስተር እታገኝ ቢጫ ኪኒን ሰጠችው። ሲስተር እታገኝ ነገር የምትደጋግም ሰው ናት፤ እስኪሰለች ድረስ ነው የምታስጠነቅቅ። «ኦቦ ፈዬራ፣ ማታ ማታ አንዲት ብቻ። ይቺ ታስተኛለች። የሚሠሩበት ቀን ጠዋት እንዳይወስዱ» አለችው። አንዲት ዋጠ፤ ራሱን ከበደው፣ አፍንጫውም ደረቀለት። ደስ አለው። እንግዲህ እሱ ያደገው በኮሶ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ካልተንገዳገደ፣ ቀኑን ሙሉ ካልተዘረረ፣ መድኃኒቱ አልሠራለትም ይባላል በነሱ ቤት። «አንዲቷ እንዲህ ካዞረችኝ ሦስት ብውጥ ከሥሩ ይነቀላል» ብሎ እሑድ ጠዋት ሦስት ዋጠ። እኔ አላየሁም። ባየው ኖሮ ጣቴን ጉሮሮው ውስጥ ከትቼ አስተፋው ነበር።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ያኔ ደግሞ መቅረት የሚባል ነገር የለም። ፈዬራ «አሞኛል» ብሎ አስፈቅዶ ቤት ቀረ። እኔ ከሰፈሩ ሰው ጋር አዳራሽ ገባሁና በሩ ተዘጋብን።

የእትዬ ሮማነወርቅ ባል መምህር ወልደሰንበት ያን ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። መንዝ ተወልደው አምቦ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ወንድም እህት ቢኖርም በዚያ በሩቅ አገር ነው። እዚህ ዘመዳቸው ዕድሩ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ቱፋ መርዶውን እንደሰሙ መጀመሪያ የሮጡት ወደኛ ቤት ነው።

«ፈዬራ! መምህር አርፈዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው፣ አዳራሹ በር ድረስ ሄደህ ንፋ!»

«እሺ ኦቦ ቱፋ፣ ተነሣሁ» አለ ፈዬራ ከጋቢው ሥር ሆኖ።

ኦቦ ቱፋ ድምፁን ሲሰሙ ነገሩ አለቀ ብለው አስከሬን ሊያስወጡ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። እሺ ያለው ግን አፉ ብቻ ነው። ሰውየው አልተነሣም።

ቤተ ክርስቲያን የደረሱት ሬሳውን የተሸከሙትን ጨምሮ አሥር ሰዎች ናቸው። ከአሥሩ አንዷ ሱቅ ያላት ሙስሊሟ ሰኪና ናት፤ የእትዬ ሮማነወርቅ ጓደኛ ስለነበረች ሆስፒታልም አብራቸው ነበረች። ጠበቁ። ካህናቱ ፀሐይዋን እያዩ፣ «ሰው አለ ወይስ የለም?» አሉ። ኦቦ ቱፋ ቀበሌው ሕዝቡን አልለቅም ያለ መሰላቸው። ሄዶ መጠየቅ? ያኔ እንኳን መጠየቅ ማሰቡም ያስፈራ ነበር። እናም መምህርን በዚያው በአሥር ሰው ቀበሯቸው።

እኛ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለን እናዛጋለን። ከተቀመጠው ሰው ግማሹን መምህር ያስተማሩት ነው፤ እኔም ስሜን መጻፍ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ጡሩምባ ቢነፋ እኮ በሩ ይከፈትልን ነበር! ለቀብር ማንም ማንንም አይከለክልም። እንዲያውም ከዚያ ንግግር የሚያወጣን ነገር ስናገኝ ደስ ይለን ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወደ አሥር ሰዓት ተለቀቅንና ገና መንገዱን ስንይዝ እትዬ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በሰኪና ትከሻ ተደግፈው ሲመጡ አየን። «ከየት ነው?» አልን እርስ በርሳችን። ኦቦ ቱፋ ከኋላ ሆነው እጃቸውን አወናጨፉብን። «አሁን ነው የምትመጡ? ቀብረን መጣን እኮ!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ፈዬራ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ያሻል።

«ድንቄ፣ ኦቦ ቱፋ መጥተው ነበር ወይስ ሕልም ነው ያየሁት?» አለኝ።

«ሕልም አይደለም» አልኩት። «ቀብረዋቸው መጡ።»

«ያ ዋቅ! አምላኬ!» ብሎ ጫማም ሳያደርግ ወጣ። ተከተልኩት። እትዬ ሮማነወርቅ በራቸው ላይ ቆመዋል። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ወደኋላ ሸሹ።

«ተኝተህ ነበር አሉ» አሉት።

«አዎ እትዬ። ኪኒን ውጬ...»

«ሲያጣጥር ስጨነቅበት፣ ‹ግድ የለም ሮማን፣ እኔ ብሞት ዕድሩ አለልሽ› ይለኝ ነበር።» ይህን ብለው በራቸውን ዘጉ። በወሩ ከዕድሩ መውጣታቸውን ለኦቦ ቱፋ ላኩባቸው።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰውዬ ባሌ መሆኑ ቀረ፤ ጸጸቱ ነው ቤቴ ውስጥ የሚኖረው። የቀሩትን ኪኒኖች ሽንት ቤት ጣላቸው። «ከእንግዲህ እስክሞት ኪኒን በአፌ አይገባም» ብሎ ማለ። ጡሩምባዋን ይዞ ሄዶ ለኦቦ ቱፋ ቢመልስ አልቀበልም አሉት። «ማን ሊነፋት ነው? ልጄ ሞክሯት አህያ አናፋ ብለው ሰዎች ወጡ። እንቅልፍ ነው፣ የሰው ነው፣ በቃ ትተንልሃል» አሉት። ይኼ ይበልጥ አሳመመው። «ቢሰድቡኝ፣ ቢደበድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዴት በነጻ ይለቁኛል?» እያለ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

ቀጥሎ ባለው በጋ ብናኙ ተነሣ። ያስነጥሳል፣ አፍንጫው ይደማል፣ ዓይኑ ያብጣል፣ ማታ በአፉ እየተነፈሰ ያድራል። «ሲስተር እታገኝ ጋ ሂድ» ስለው፣ «ይበለኝ! ይገባኛል» ይለኛል። አበገነኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያንተ ንፍጥ ለእትዬ ሮማነወርቅ ምን ይጠቅማቸዋል? ባላቸውን ይመልስላቸዋል?»

«ዝም በይ ድንቄ።»

«አልልም! መሐረብ የማጥበው እኔ ነኝ።»

ታኅሣሥ ሰማንያ ላይ ሰኪና ሞተች። በድንገት ነው፣ ሱቋን ከፍታ ሳለች። የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ፈዬራ ከመጋዘን እንደተጠራ ገለባው ከፀጉሩ ሳይራገፍ ጡሩምባዋን አንሥቶ ሮጠ። ከቁልቁለቱ በላይ ያለው ወፍጮ ቤት ጋ ቆሞ ነፋ። «ወይዘሮ ሰኪና...» ብሎ አፉን ሲከፍት መጣበት። አስነጠሰ። ደግሞ «ወይዘሮ ሰ...» አለና እንደገና አስነጠሰ። ጡሩምባዋን አፉ ላይ ቢያደርግም በጡሩምባው ውስጥ አስነጠሰባት፤ የወጣውን ድምፅ አልነግራችሁም። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ሳቁ። በሬሳ ላይ ሳቁ! እኔም እዚያ ነበርኩ፤ እፍረቴ እስከ እግር ጥፍሬ ወረደ። እንደ ምንም ብሎ ጨረሰና ሰኪና ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። «ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ» ብላቸው ቆመው ቀሩ። ፈዬራ ከውስጥ ድምፃቸውን ሲሰማ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ሰኪና ሞተች አሉ» አሉ እሱን እያዩ። «ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነው አሉ። ዛሬ ሱቋን ተዘግቶ አይቼ ስጠይቅ ነው የሰማሁት። ባሌ ሲቀበር ከአሥሩ ሰው አንዷ እሷ ነበረች። እሷ ስትቀበር ግን እኔ ጓሮዬ ጎመን ስቀነጥስ ነበር።»

ፈዬራ ከግድግዳው ሳይላቀቅ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ከዕድሩ ብወጣ ከሰውነት ወጣሁ እንዴ? ቤቴ ቁልቁለት ሥር ነው፤ ካልወረድክ ድምፅህ አይደርሰኝም፣ ታውቀዋለህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጡሩምባ አልሰማሁም። አምቦ ሰው መሞት ተወ ብዬ ነበር።»

እኔ ዞር ብዬ አየሁት። «በእትዬ በር አታልፍም እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። «እግሬ እምቢ አለኝ» አለ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ በላዩ መንገድ እዞራለሁ። በዚያ በር ላይ ቆሜ በምን አፌ ልንፋ? በመምህር በር?»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እንዲህ ዓይነት ጸጸት አለ? ሰውየው አንዴ የበደላቸው ሳያንስ፣ እሱ እንዳያፍር ብሎ እሳቸውን ከሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ቆርጧቸው ኖሯል! ስንቱን ጎረቤት ቀበርን እሳቸው ሳይሰሙ! እኔም ሞኟ «ለምን ይሆን ለቅሶ የማይመጡት፣ ተቀይመው ነው» ስል ነበር። ልጮህበት አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ እሱ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ይቅርታውን ተወው፣ አሁን አልችልም» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ድካም ነው። «ጸጸትህንም ለራስህ ያዘው፣ እኔ አልበላው። ዕድራችሁንም አልፈልግም። የሞተ ሰው ስም ግን አትከልክለኝ። በበሬ እለፍ።» ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

እሺ፣ በበራቸው ይለፍ። ግን በምን አፍንጫ? እዚያ በር ላይ ቆሞ የሰው ስም እየጠራ ሊያስነጥስባቸው ነው? ብናኙ ገና ሁለት ወር አለው። በማግሥቱ እጁን ይዤ መድኃኒት ቤት ወሰድኩት፤ እንደ ልጅ እየጎተትኩ ነው የምላችሁ።

ሲስተር እታገኝ ሰማችንና፣ «አሁን እኮ ሌላ ኪኒን መጥቷል፣ ከአዲስ አበባ» አለች። «እንደ ቢጫዋ አያስተኛም።»

«ያዞራል?» አለ ፈዬራ።

«አያዞርም።»

«ታዲያ ካላዞረ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

ሲስተር እታገኝ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ኦቦ ፈዬራ፣ እርስዎ ጡሩምባ ነፊ አይደሉ? ይስሙኝ። የእህል ብናኝ ሰው አይገድልም። የእርስዎ ሰውነት ግን ጠላት መጣ ብሎ ይሳሳትና ጡሩምባ ይነፋል። ሰው ሳይሞት የሚነፋ ጡሩምባ በሉት። ጡሩምባው ሂስታሚን ይባላል፣ ሰውነት ራሱ የሚያወጣው ነገር ነው። አፍንጫ ይሰማና ውሃ ያፈስሳል፣ ያስነጥሳል፤ ዓይን ይሰማና ያለቅሳል፣ ያሳክካል። ለቅሶ የሌለበት ለቅሶ ነው።»

«ኪኒኑስ?» አልኩ እኔ።

«ኪኒኑ ጡሩምባውን አይቀማውም። የሰሚዎቹን ጆሮ ነው የሚደፍነው። ጡሩምባው ቢነፋም አፍንጫው አይሰማም፣ ስለዚህ አያስነጥስም።»

ፈዬራ ጆሮ መድፈን ስትል ፊቱ ጨለመ። «የኔን ጆሮ ነው የደፈነችው ያቺ ቢጫዋ» አለ።

«ልክ ብለዋል» አለች፣ ቀስ ብላ። «ጭንቅላታችን ውስጥ ያው ጡሩምባ ሌላ ሥራ አለው፤ ንቁ፣ አትተኙ እያለ ነው የሚያውለን። ቢጫዋ እስከዚያ ትወጣና የጭንቅላትንም ጆሮ ትደፍናለች። ለዚህ ነው የምታስተኛው። ስላስተኛችዎ አይደለም የምታሽረው፤ እንቅልፉ ትርፍ ነው፣ ጣጣዋ ነው። አዲሱ ወደ ጭንቅላት እምብዛም አይገባም። እዚያው አፍንጫና ዓይን ላይ ይሠራል።»

የኮሶ እምነቱን ሁሉ አፈረሰችበት። ወለሉን አየ። የልብ ሕመም እንዳለበት፣ ሌላ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችው፤ የለም አለ። «ብናኝ ያለበትን ወቅት ሁሉ በየቀኑ ያዘዝኩዎን ብቻ። ቢረሱ እጥፍ አይውጡ። የተደፈነ አፍንጫ ብዙ ላይከፍትልዎ ይችላል፣ ማስነጠሱን፣ ማሳከኩን፣ የዓይኑን እንባ ግን ያቆመዋል» አለችና ደገመች፤ ደግሞም ሰለሰች። አመሏ ነው አልኳችሁ።

ቤት ስንደርስ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ቀረ።

«ምያለሁ እኮ ድንቄ።»

«ስትምል እሳቸውን ጠይቀሃል? እሳቸው የጠየቁህ ጡሩምባ ነው። መሐላህን አልጠየቁህም።»

ዋጠ። ዋጠና ጋቢውን ለብሶ ተቀመጠ። ምን ትሠራለህ ስለው «መጣ አልመጣ እያየሁ ነው» ይለኛል፤ እንቅልፉን ማለቱ ነው። ያዞረኛል ብሎ በሩን ይዞ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ምንም የለም። «ውሃ ነው የሸጠችን» አለ። እየተነጫነጨም ቢሆን በየጠዋቱ መዋጡን አላቆመም፤ ሌት ሲነቃም «እኔ ተኝቼ ነበር?» ብሎ ይጠይቀኛል። አሳዘነኝ።

አንድ ማታ ከመጋዘን ገብቶ እራቱን ሲበላ ትኩር ብዬ አየሁት። ገለባው ትከሻው ላይ አለ። ዓይኑ ግን ነጭ ነው።

«ፈዬራ፣ ዛሬ አስነጥሰሃል?»

ጉርሻውን እንደያዘ አሰበ። «አላስታውስም።»

«ትናንትስ?»

ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አደረገው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «እሳቸው ባላቸውን ሰው ሳያይ ቀብረው፣ እኔ እዚህ በአፍንጫዬ እተነፍሳለሁ» አለ። «ማስነጠሱ እኮ ያስታውሰኝ ነበር።» ምን ትሉታላችሁ? እራቱን ጨረስኩና እቃዬን አጠብኩ።

በጥር አጋማሽ የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ነጋሳ አረፉ። ኦቦ ቱፋ ጠዋት መጥተው በር ላይ «ፈዬራ!» ሲሉ፣ ስሙን ሳይጨርሱት ጡሩምባዋን ይዞ ፊታቸው ቆመ። ተከተልኩት። ለምን ብትሉኝ አላመንኩትም፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ወዴት እንደሚታጠፍ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

በየመንታ መንገዱ ነፋ። መንገዱ አቧራ ነው፣ የእህል መኪኖች ያልፋሉ፣ ድምፁ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ሰው ከየቤቱ ይወጣል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሰ። ቆመ። ወደ ላይኛው መንገድ አየ፣ ወደ ቁልቁለቱ አየ። ከኋላው ሆኜ «ውረድ አንተ!» ልለው ነበር፤ ምላሴን ነክሼ ተውኩት። ላቡን በእጅጌው ጠረገና ወረደ።

እትዬ ሮማነወርቅ በር ላይ ነፋ። «ኦቦ ነጋሳ አርፈዋል! ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ፣ በሁለቱም ቋንቋ። አንድም አላስነጠሰ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ።

«ነጋሳ ነው? ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ነበር» አሉ። ፈዬራ እጅ ነሥቶ ሊሄድ ዞረ።

«ጨረስክ?» አሉት።

«አዎ እትዬ። የቀረኝ የወንዙ ዳር ብቻ ነው።»

«አልጨረስክም። የኔ ቀርቷል» አሉ። «ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ከዚህ በር ላይ ማንም አልጠራውም። ጥራልኝ።»

ፈዬራ እኔን አየኝ። «ምን ብዬ ልጥራ እትዬ?» አላቸው።

«እንደ ሰው ሁሉ።»

ጡሩምባዋን ወደ አፉ አነሣ። ነፋ። እንደዚያን ቀን ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም፣ ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ። «መምህር ወልደሰንበት አርፈዋል!» አለ። «መምህር ወልደሰንበት አርፈዋል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ከላይ ከወፍጮ ቤቱ ሴቶች ዱቄት እንደለበሱ ብቅ አሉ። ሁለት ዓመት ያለፈው ሞት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አንድም የጠየቀ የለም። ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ ቁልቁለቱን ይወርዱ ጀመር። እኔም የራሴን ዘቅዝቄ እትዬ አጠገብ ቆምኩ፤ ትከሻዬን ያዙኝ።

ፈዬራ ስማቸውን ጠርቶ ሲጨርስ ጡሩምባዋን ደረቱ ላይ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ዓይኑ እንደ ድሮው ቀልቶ እንባው በጉንጩ ይፈስሳል። ኪኒኑን ያን ጠዋት በእጄ ነው የሰጠሁት፤ ሲውጠውም ቆሜ አይቻለሁ።